ካሜራን በቢሲክሌት ላይ አጽንቶ ስለ ማሰር
(በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በመዳፍ ውስጥ ስለሚገባና ክብደቱ 150 ግራም ያህል ስለሆነ ካሜራ ነው። ኒክ ውድማን የተባለ አሜሪካዊ በ2002 እ.ኤ.አ. ጎፕሮ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም፣ አሳቡ በባሕር ማዕበል ላይ የሚንሸራተት ሰው ካሜራውን በእጁ አንጓ እንዲያስር ነበር። ቢሲክሌት ነጂዎች ግን ወስደው ከመሪ ጋራ አሰሩት። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ቢሲክሌተኞችም ልካ ነበር፤ እነርሱ ከኮርቻቸው ላይ ያዩትን መንገድ ግን ማንም አላየላቸውም። ዛሬ የነቀምቴ ተማሪ እንኳ የሚያየውን ለማሳየት ይችላል፤ ካሜራው ካልወደቀ።

ባለፈው ክረምት የአንድ ጓደኛችን ካሜራ ቁልቁለት ላይ ከመሪው ተነቀለ። በረጅም ሲባጎ ታስሮ ስለ ነበረ ወደ ፊት ጎማ ገባና ከራጂው ጋራ ተጠመጠመ። ጎማው ቀጥ ሲል ልጁ በመሪው ላይ አልፎ ወደቀ፤ ክንዱም ተሰበረ። ካሜራው ምንም አልሆነም። እንግዲህ ከሥዕሉ ማማር አስቀድሞ፣ ቢወድቅ ወዴት ይወድቃል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሲባጎው ይኑር፤ ነገር ግን ካሜራው ተንጠልጥሎ ጎማውን የማይነካበት ያህል አጭር ይሁን። ይህንንም መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙሮ መለካት ነው።

ስለ መቆንጠጫው ደግሞ ልናገር። የመሪ ብረት ውፍረት አንድ ዓይነት አይደለም። በብዙ አሮጌ ቢሲክሌቶች መካከሉ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ በብዙ አዲሶች 31.8፣ በእጅ መያዣው ዘንድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 22.2 ነው። መቆንጠጫው ከሰፋ አንዳንዶች ካርቶን ይጠቀጥቁበታል፤ ካርቶን በወለጋ ዝናብ ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ይበልጣል፤ ከዘይትና ከአቧራ ጸድቶ፣ ሳይደራረብ አንድ ዙር ይጠቅለል። (ከመነዳሪና ካሜራ ዘመዳሞች ናቸው ብላችሁ ታምኑኛላችሁን? ጣልያኖች ካሜራ የሚሉት ክፍልን ነው፤ አንዱ የአየር ክፍል፣ ሁለተኛው የጨለማ ክፍል ነበር።) ጎማ ሲጨመቅ ስለሚሳሳ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ከነዱ በኋላ ወርዶ ብሎኑን ዳግመኛ ማጥበቅ ያሻል። የፍሬኑ ሽቦም በመቆንጠጫው ሥር እንዳይያዝ ተጠንቀቁ።

ካሜራውን በረጅም ክንድ ከፍ አድርገው የሚያቆሙ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ስለ መፈንቅል የተማርን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ክንዱ እጥፍ ሲረዝም በመጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው የማዞር ኃይልም እጥፍ ይሆናል። ኮረኮንች ላይ ያ ክንድ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። በካሜራው ውስጥ ያለው ማረጋጊያ ትንሹን ንዝረት ያርማል፤ የላላ ብሎን ግን አያጠብቅም።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ እንደሚያቆለቁለው ባለ ስፍራ፣ በእኔ አስተያየት ካሜራውን በደረት መታጠቂያ ማሰር ይሻላል። ሰውነታችን ንዝረቱን ያበርዳል፤ ካሜራውም ከጎማው ይርቃል። ሥዕሉ ላይ የራሳችን ክንድ መታየቱ የማይቀር ነው፤ እርሱን እንቻለው። የራስ ቁር ላይ በሚጣበቅ መያዣ የሚያምን ሰው ደግሞ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት አጽድቶ ይለጥፈው።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ ከመፍቀዳችሁ በፊት እናንተም ፈትኑት። ካሜራውን ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ቢሲክሌቱ አብሮ ከተነቃነቀ ደኅና ነው፤ ካሜራው ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ልጁ አይሂድ። ቀጥሎም የፊት ጎማውን ስንዝር ያህል አንሥታችሁ ልቀቁትና መቆንጠጫው ዞሮ እንደ ሆነ ተመልከቱ።

የእኔን ቢሲክሌት ካሜራውን አስሬበት ከአዳራሹ በር አጠገብ አቁሜዋለሁ። ስትወጡ የፈለገ ሰው ይነቅንቀው።