የአያቴ ተዝካር ከየት መጣ?

(ክርያት አታ፣ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

አማርኛዬ አንዳንድ ቦታ ወደ ዕብራይስጥ ካመለጠኝ ይቅር በሉኝ፤ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነኝ።

ወንድ አያቴ ያረፉ ጊዜ ሺቭዓ ተቀመጥን። በሰባተኛው ቀን ተዝካራቸውን ልናወጣ እናቴና አክስቶቼ ዳቦ ሲጋግሩ፣ ሊያጽናናን የመጣ አንድ ሰው «ይሄ እኮ የክርስቲያን ልማድ ነው፤ ቃዲሽ ከተባለ ይበቃል» አለ። ሴት አያቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ የምመልሰው አልነበረኝም። ዛሬ የምናገረው ያን ቀን ያልመለስኩትን ነው።

መጀመሪያ «ውሸት ነው» ማለት አማረኝ። ለወላጆቻችን ይህ ቃል ከባድ ነው። ጎንደር ውስጥ ጎረቤት ቡዳ ብሏቸዋል። እነሱም በበኩላቸው «አትንኩኝ» ይሉ ነበር፤ ክርስቲያን የነካቸው እንደሆነ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው የነፍስን ነገር ከክርስቲያን ይቀበላል? ሳነብ ግን ሰውየው ሙሉ በሙሉ እንዳልተሳሳተ አየሁ።

ክርስቲያኑም ቤተ እስራኤሉም «ተዝካር» ይላሉ። እነሱ ዘንድ አርባው ይበልጥ ይታወቃል፣ እኛ ዘንድ ሰባተኛው ቀንና ሙት ዓመቱ። ከሥሩ ያለው እምነት ግን ተመሳሳይ ነው፦ በሟቹ ስም የሚበላውና የሚጸለየው ነፍሱን ይረዳል። ሽማግሌዎቻችን ራሳቸው የሚተርኩትም አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት ምንኩስናን ያስተማሩን አባ ሰብራ መጀመሪያ የክርስቲያን መነኩሴ ነበሩ፤ ከእሳቸው ጋር የመነነው ጸጋ አምላክም የአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ነው ይባላል። ይህን አፍረው ሳይሆን ኮርተው ነው የሚነግሩን።

በግዕዝ የተጻፉት መጻሕፍታችንም ብዙዎቹ በክርስቲያን እጅ ያለፉ ናቸው። መጽሐፈ ባሮክን ውሰዱ። መልአክ ባሮክን እየመራ ገነትንና የኃጢአተኞችን ቅጣት ያሳየዋል፤ መጽሐፉ ክርስቲያኖችም ዘንድ አለ። አባቶቻችን ግን እንዳለ አልገለበጡትም፤ የሥላሴውን ነገር አውጥተው ለእስራኤል አምላክ ምስጋና አስገቡበት።

እኔን በጣም የነካኝ ተአዛዘ ሰንበት ነው። ሃሌቪ በ1902 ፓሪስ አሳተመው፣ ሌስላው ደግሞ በ1951 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እዚያ ውስጥ ሰንበት እንደ ሰው ናት፤ እግዚአብሔር ፊት ቆማ ለነፍሳት ትለምናለች፣ በሲኦል ያሉትም በእሷ ቀን ከሥቃይ ያርፋሉ። የጎንደር ክርስቲያን ለነፍሱ አማላጅ የሚላት ማርያምን ነው፤ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን የሚያከብረውም ለዚህ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ልመናው አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። የእኛ አባቶች ግን የለመኑት ቅዳሜን ነው። ይህ ለእኔ መኮረጅ አይደለም።

ደግሞ ነገሩ ከዚህም የተጠማዘዘ ነው። በታልሙድ፣ ሳንሄድሪን 65 ላይ፣ በሻባት የሙታን ቅጣት እንደሚቆም የሚናገር ታሪክ አለ። አባቶቻችን ታልሙድ አልነበራቸውም! ገድለ አብርሃምንም ተመልከቱ፤ አብርሃም ከመሞቱ በፊት ነፍሳት ሲፈረድባቸው ያያል። ብዙ ሊቃውንት መጀመሪያ የጻፉት አይሁዶች ናቸው ይላሉ። ከዚያ በግብፅ ክርስቲያኖች በኩል ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ክርስቲያኖች ወደ ቤተ እስራኤል ደረሰ። ከአይሁድ የወጣ መጽሐፍ ዞሮ ዞሮ አይሁድ ቤት ገባ። ታዲያ የማን እንበለው?

የሌላውም ማኅበረሰብ ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አሽኬናዞች ለሙት ዓመት «ያርጻይት» ይላሉ፤ ቃሉ ከጀርመን አገር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ልማዳችሁ የጀርመን ነው ብሎ ሻማቸውን የሚያጠፋባቸው የለም። እዚህ ሰፈራችን ጎረቤቶቻችን «አዝካራ» ብለው ይጠሩናል፣ እኛም ሄደን እንበላለን። አዝካራና ተዝካር እኮ የአንድ ሥር ቃል ናቸው፦ ዕብራይስጡ «ዛኻር»፣ ግዕዙ «ዘከረ»። ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማሁ አድጌ ይህን ያስተዋልኩት በ22 ዓመቴ መሆኑ ራሴን አስቆኛል።

«ሁሉም ከሙሴ ጀምሮ የእኛው ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አልስማማም፤ መጽሐፉን የከፈተ ልጅ አንድ ቀን ያፍርባችኋል። «ከክርስቲያን ከሆነ እንጣለው» በሚሉትም አልስማማም።

ይህን ሁሉ ለሴት አያቴ ነገርኳቸው። ስለ ሃሌቪም ስለ ታልሙድም ብዙ አልገረማቸውም። ሰንበት ለነፍሳት ትለምናለች ስላቸው ግን «እሱንማ እናቴም ትለኝ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም ያን ቀን ዳቦው በቅቶ እንደነበር ጠየቁኝ።

የመጪው ሙት ዓመት ተዝካር እቤታችን ነው። ባለፈው ቄሱ የጸለዩትን በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ ግዕዙ ግን ግማሹ አይገባኝም። ከእናንተ መካከል የሚገባው ካለ ከስብሰባው በኋላ በሩ አጠገብ እጠብቃለሁ።