አውጥ በጓሯችን፦ ከላስቲክ ቤት በፊት ገዢ

(ሐሙሲት በተካሄደው የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የሒሳብ ሠራተኛችን ያቀረበችው ንግግር)



ብዙ ጊዜ እዚህ ፊታችሁ የምቆመው የወሩን ቁጠባ፣ የተመለሰውን ብድርና የቀረውን ዕዳ ላነብላችሁ ነው። ዛሬ ሊቀመንበራችን ስለ አውጥ ተናገሪ ብላኛለች። ምክንያቱን ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ወር ከማኅበሩ ካዝና ገንዘብ አውጥተን የላስቲክ ቤት እንሥራ ወይስ አንሥራ በሚለው ላይ ድምፅ እንሰጣለን። ከዚያ በፊት አተካከሉን ልንገራችሁ፣ ሒሳቡንም ላሳያችሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አውጥ እንትከል ብዬ ያነሣሣሁት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር አንድ ነጋዴ ናሙና ቀምሶ «ጥሩ ነው፣ አምጡ» አለኝ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁ፦ ለአንዲት ሴት 20 እግር፣ ከአንድ እግር 3 ኪሎ፣ ኪሎው 100 ብር፤ ድምሩ 6,000 ብር። አምስት አባላት ስላመኑኝ ተከሉ። አንዷ እናታችን ደግሞ ቦታ ስላልነበራት ለዓመታት ያሳደገችውን ጌሾ ነቅላ ተከለች። ጌሾ ዛሬ ተተክሎ ነገ እንደማይቆረጥ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።

ፍሬው ደረሰ። ነጋዴው አንድ ጊዜ 8 ኪሎ ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሣም። መንገድ ተዘግቶ የቀረንበትም ሳምንት ነበረ። የቀረውን በሐሙስ ገበያ በስኒ እየሰፈርን ለልጆች ሸጥን። በመጨረሻ የአምስቱ ሴቶች ሽያጭ በአንድ ላይ 2,350 ብር ሆነ። ለፍግ ማጓጓዣ፣ ለድጋፍ እንጨትና ለትራንስፖርት የወጣው 1,900 ብር ነበር። የቀረው 450 ብር ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዷ 90 ብር ደረሳት። በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ሠርተውበታል ብንል እንኳ በአራት ወር 60 ሰዓት ነው። ይህም ማለት በሰዓት አንድ ብር ከሃምሳ ሣንቲም።

ጌሾዋን የነቀለችው እናታችን አልተቆጣችኝም። ቤቷ ሄጄ ቡና እየተጠጣ ሳለ «አንቺ ልጅ፣ ደብተርሽ ጥሩ ነው፤ ግን ዝናብም ሰውም የለበትም» አለችኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በኮሌጅ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ያልተሸጠ ዕቃ ገቢ ተብሎ እንደማይጻፍ ነው። እኔ ግን ገና ያልበቀለውን ፍሬ፣ ቃል ባልገባ ሰው ዋጋ፣ በገቢ ዓምድ ጻፍኩት። ጥፋቱ የአውጡ አይደለም፤ የእኔ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ተክሉ ልምጣ። ተክሉ ራሱ አላሳፈረኝምና።

አውጥ ስንል ሁለት ነገር እናቀላቅላለን። አንዱ በየማሳው ዳር የሚበቅለው፣ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁረው ነው። እኔ የምናገረው ስለ የፈረንጅ አውጥ ነው፤ ፍሬው ቢጫ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ሆኖ እንደ ፋኖስ በሳሳ ከረጢት የተሸፈነው። በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ ከአጥር ሥር ለቅመን ያልበላን የለንም። በውጭ አገር ኬፕ ጉዝቤሪ ወይም ጎልደን ቤሪ ይሉታል። የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች፣ ፔሩና ኮሎምቢያ አካባቢ ነው። ኬፕ የተባለው ከ200 ዓመት በፊት በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ይለማ ስለነበረ ነው። ዛሬ ለዓለም ገበያ በብዛት የምታቀርበው ኮሎምቢያ ናት። እዚያ በአብዛኛው የሚያለሙት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,800 ሜትር ባለው ደጋ ነው። ጣና ሐይቃችን 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐሙሲት ከእሱ ከፍ ትላለች፤ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ አገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አተካከሉ እንዲህ ነው። በደንብ ከበሰለ ትልልቅ ፍሬ ዘሩን በውኃ ውስጥ አሽታችሁ ለዩ፤ እንደ ቲማቲም ዘር ማለት ነው። በጥላ አድርቁት። በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ በአሮጌ ሳፋ፣ በተቆረጠ ጀሪካን ወይም በትንሽ መደብ ላይ ዝሩት። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በጥልቀት አይቀበርም፤ ስስ አፈር ይበቃዋል። ሙቀት ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ይበቅላል። ችግኙ አንድ ስንዝር ሲሆንና ክረምቱ ሲገባ ወደ ጓሮ ይዛወራል። በእግርና በእግር መካከል አንድ ሜትር ተዉ። መጀመሪያ ስትተክሉት ቦታው የባከነ ይመስላችኋል፤ በመስከረም ግን ቅርንጫፉ ተንሰራፍቶ መተላለፊያ ያሳጣችኋል።

የእኛ ትልቁ ችግር ዋልካ አፈር ነው። አውጥ ውኃ ይወዳል፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ግን ይበሰብሳል። በመጀመሪያው ዓመት እኔ ራሴ ከ20 እግር 7 የጠፋብኝ በሐምሌ ውኃ ተኝቶበት ነው። ዋልካ ላይ ከሆናችሁ መደቡን ከፍ አድርጉ፣ በጎንና በጎን ቦይ አውጡ።

ፍግ አታብዙ። ብዙ ፍግ ያገኘ አውጥ ቅጠሉ የሚያምር፣ ፍሬው ግን ጥቂት ይሆናል። በተከላ ጊዜ አንድ ሁለት እፍኝ የበሰለ ብስባሽ ይበቃዋል። ቅርንጫፉ መሬት እንዳይተኛ በእንጨት ደግፉት፤ መሬት የነካ ፍሬ ይበላሻል። አበባ በያዘበት ወቅት አፈሩ እንዳይደርቅ ጠብቁ። ለወራት ደርቆ የከረመ ተክል በድንገት ብዙ ውኃ ሲያገኝ ፍሬው ይሰነጠቃል።

አውጥ ከድንች፣ ከቲማቲምና ከበርበሬ ጋር ዘመዳም ነው። ስለዚህ እነሱን የሚመታ በሽታ እሱንም ይመታል። ምች የመታው ድንች በነበረበት መደብ ላይ በዓመቱ አውጥ አትትከሉ፤ ባቄላ ወይም ጎመን አሳልፉበት። ቅጠሉ ሥር ነጫጭ ዝንብና ቅማል ሲታይ ቶሎ በሳሙና ውኃ እጠቡት። የታመመውን እግር ነቅላችሁ አቃጥሉ እንጂ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉ።

ከተዛወረ ከአራት ወር ገደማ በኋላ መልቀም ይጀመራል፤ ለእኛ ኅዳር መሆኑ ነው። መብሰሉ የሚታወቀው ከረጢቱ አረንጓዴነቱን ለቆ እንደ ገለባ ሲደርቅና ውስጡ ያለው ፍሬ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜ ራሱ ይወድቃል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለቀማል።

እዚህ ላይ ልጆች ያሏችሁ በደንብ ስሙኝ። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ መርዝነት አለው፤ ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። ቅጠሉና ከረጢቱም አይበሉም። የእምቧይ ፍሬም ቢጫ ነው፤ ትንሽ ልጅ ሊያምታታው ይችላል። ልዩነቱን አስተምሯቸው፦ አውጥ ከረጢት ውስጥ ነው፣ እምቧይ ግን ራቁቱን ነው፣ ተክሉም እሾሃም ነው። ልጄ «የለበሰውን ብላ፣ የታረዘውን ተው» እያለች ለጎረቤት ልጆች ታስተምራለች።

አሁን ወደ ላስቲክ ቤቱ። መሸፈን ምን ይጠቅማል? ሦስት ነገር። ከውርጭ ይጠብቃል፣ ከበረዶ ይጠብቃል፣ የመልቀሚያውን ጊዜ ያረዝማል። አውጥ ውርጭ አይችልም፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ወደ ጉና አቅጣጫ ዘመድ ያላችሁ የጥቅምትንና የኅዳርን ሌሊት ታውቁታላችሁ። እዚያ ለሚኖር ሰው ሽፋን የግድ ሊሆን ይችላል። ሐሙሲት ግን ከዚያ ትሞቃለች፤ እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ በውርጭ ያጣሁት አንድም እግር የለም። ያጣሁት በውኃ ነው፣ በገዢ እጦት ነው። ላስቲክ ቤት ገዢ አያመጣም።

ላስቲክ ቤት ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። ዝናብ ስለማይገባ በክረምትም ውኃ መቅዳት አለ። አየር ካልገባበት እርጥበቱ በሽታ ይጠራል። ንቦችና ነፋስ እንደልብ ስለማይገቡ አበባው ፍሬ እንዲይዝ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ቅርንጫፉን ቀስ ብሎ መነቅነቅ ይጠይቃል።

ዋጋውን እንይ። ስድስት ሜትር በአሥር ሜትር ለሆነ ቤት የተሰጠን ዋጋ ለእንጨትና ለሠራተኛ 35,000፣ ለላስቲኩ 27,000 ብር ነው። ላስቲኩ ፀሐይ ስለሚበላው ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው። እንጨቱ ምስጥ ካልቀደመን ሰባት ዓመት እንበለው። እኛ የሒሳብ ሰዎች የእርጅና ተቀናሽ የምንለው ይህ ነው፦ ላስቲክ በዓመት 9,000፣ እንጨት በዓመት 5,000፤ ድምሩ 14,000 ብር። አንድም ችግኝ ሳንተክል በየዓመቱ ይህን ያህል ያረጅብናል። ኪሎውን በ100 ብር የሚወስድ ቋሚ ገዢ ብናገኝ እንኳ ለቤቱ ብቻ 140 ኪሎ መሸጥ አለብን። መተላለፊያውን ትተን ውስጡ የሚያዘው 50 እግር ገደማ ነው። ባለፈው ያገኘነው በአማካይ ከእግር አንድ ኪሎ ተኩል ነበር፤ ይህ 75 ኪሎ ነው። ምርቱ እጥፍ ሆኖ 150 ኪሎ ቢደርስ ለውኃ፣ ለፍግና ለድካማችን የሚተርፈው የ10 ኪሎ ዋጋ ነው። የምትሸከሙትን ባልዲ አስቡትና ፍረዱ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በዚህ ዓመት ላስቲክ ቤቱ ይቆየን። በምትኩ ለችግኝ ማፍያ ብቻ የሚሆን፣ ከአንድ አልጋ የማይበልጥ መደብ በላስቲክ እንሸፍን፤ ችግኙን ለሁሉም አባል እናድል። እያንዳንዳችን ከአምስት እግር በላይ አንትከል፤ እሱም በአጥር ዳር ወይም ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር። የጭቃ ግድግዳ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ያለ ክፍያ የተሰጠን ሽፋን እሱ ነው። ቦታ የሌላት በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልታ፣ ሥሩን ውኃ እንዲያሳልፍ በስታ አንድ እግር ትትከል። ጌሾም ሆነ ሌላ ገንዘብ የሚያመጣ ተክል የሚነቀል የለም።

የሚተርፈውን አንጣለው። ከረጢቱን ሳንገፍፍ፣ ሳናጥብ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ በስፌት ዘርግተን ብናስቀምጠው ለሳምንታት ይቆያል። ይህ ከቲማቲም የሚበልጥበት ነገር ነው፤ ገበያው ሲወድቅ መጠበቅ እንችላለን። የሽንኩርት ዋጋ ሲወድቅ ጎረቤቶቻችን ፎገራ ላይ ምን እንደሚሆኑ አይተናል። ማርማላታም ይወጣዋል። ለአንድ ኪሎ የተገፈፈና የታጠበ ፍሬ ከግማሽ ኪሎ እስከ ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳር ጨምራችሁ በዝግታ እያማሰላችሁ ማፍላት ነው። ፍሬው በራሱ የሚረጋ ስለሆነ ሌላ ማርጊያ አይሻም። የተቀቀለ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ትኩሱን ጨምሩና ክደኑት። ያቺ ጌሾዋን ያጣች እናታችን አምና 12 ብልቃጥ ሠርታ ለሠርግ ቤት ሸጣለች። ጌሾዋንም እንደገና ተክላለች፤ አውጡ አሁን አጥሩ ሥር ነው። እኔን ሳትጠይቅ የሠራችው ሥራ እኔ ካሰላሁት የተሻለ ሆኗል።

ለሁላችሁም አንድ አንድ ደብተር አከፋፍላለሁ። አራት ዓምድ አስምሩበት፦ የወጣ ገንዘብ፣ የገባ ገንዘብ፣ ቤት ውስጥ የተበላ፣ የሠራንበት ሰዓት። ሦስተኛውን እንዳትተዉት። ልጆቻችን የበሉት ፍሬ ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ኤ ያለው ምግብ ነው፤ ያልተሸጠ ሁሉ ኪሳራ አይደለም። አራተኛውንም እንዳትተዉት፤ የሴት ድካም በደብተር ስለማይጻፍ ነው ነፃ የሚመስለው። በገባ ገንዘብ ዓምድ ግን እጃችሁ ላይ ያልቆጠራችሁትን ብር አትጻፉ። ይህን እኔ ከፍዬበት፣ ይልቁንም ሌሎች ከፍለውልኝ የተማርኩት ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ደብተሮቹን እዚሁ አንድ ላይ ከፍተን እንደምራለን። ድምሩ ላስቲክ ቤት ሥሩ ካለን፣ የጽሑፍ ውል ያለው ገዢም ከተገኘ፣ የመጀመሪያውን እንጨት እኔው ራሴ እሸከማለሁ። ካላለን ደግሞ የማኅበሩ ገንዘብ ካዝናው ውስጥ ለሌላዋ እህታችን ብድር ሆኖ ይጠብቀናል።

ዘር የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ወደ እኔ ኑ፤ ደርቆ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።