ስለ ነጸብራቅና ስለ ካሜራ ማጣሪያ
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ለጥናታችን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያለ የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ ስናነሣ፥ ብዙ ጊዜ ይዘን የምንመለሰው ጽሑፉን ሳይሆን የመስኮቱን ነጸብራቅ ነው። አንዳንዶቻችን «ግድ የለም፤ በኋላ በኮምፒዩተር ይስተካከላል» እንላለን። ነገር ግን ነጸብራቁ ፈጽሞ የሸፈነውን ፊደል ካሜራው አላየውምና ኮምፒዩተር ሊመልሰው አይችልም። በግምት ቢሞላውም ማስረጃ አይሆነንም። ስለዚህ ነጸብራቁን መከልከል የሚገባን በምናነሣበት ሰዓት ነው።

ምክንያቱን እንመልከት። የፀሐይ ብርሃን ሞገድ በየአቅጣጫው ይርገበገባል። ከመስተዋት ወይም ከውኃ ላይ በጎን ነጥሮ ሲመጣ ግን ርግብግቢቱ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። ይህንን ፈረንሳዊው ማሉስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1808 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፥ ከሉክሳምቡር ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚመጣውን ነጸብራቅ በካልሳይት ድንጋይ አሳልፎ ሲመለከት ደረሰበት። ፖላራይዘር የተባለው ማጣሪያም ይህንኑ ያደላውን ብርሃን ዘግቶ የቀረውን ያሳልፋል።

ይሁን እንጂ ማጣሪያውን ሌንሱ ላይ መግጠም ብቻውን አይበቃም። በካሜራው እየተመለከትን፥ ነጸብራቁ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ አድርገን ማዞር አለብን። አቋቋማችንም ዋና ነገር ነው፤ ማጣሪያው ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ካሜራው ከመስተዋቱ ገጽ 34 ዲግሪ ያህል፥ ከውኃ ገጽ ደግሞ 37 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ሲያይ ነው። ፊት ለፊት ብንቆም አይረዳንም። በጎን ስናነሣ ገጹ ይንጋደዳል የሚል ቢኖር፥ የተንጋደደውን ኮምፒዩተር ያቃናዋል፤ የጠፋውን ፊደል ግን አይመልስም ብለን እንመልስለታለን።

ሁለት ነገሮችንም እናስታውስ። ከተወለወለ ብረት የሚመጣ ነጸብራቅ ለዚህ ማጣሪያ እምብዛም አይታዘዝም፤ እዚያ ላይ የሚበጀው የመብራቱን ወይም የራሳችንን ቦታ መለወጥ ነው። ደግሞም ማጣሪያው ብርሃኑን ወደ ግማሽ፥ አንዳንዴም ወደ ሩብ ስለሚቀንሰው ካሜራውን ሳናነቃንቅ እንያዝ።

ማጣሪያ መግዣ ያጠረን እንደ ሆነ፥ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር በስልካችን ካሜራ ፊት ይዘን ብናዞር ሥራውን ይሠራልናል። መነጽሩን ለመፈተን የውኃ ነጸብራቅ በእርሱ እያየን እናዙረው፤ ነጸብራቁ ጠፍቶ ከተመለሰ ይሆነናል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ያንን ብራና ዳግመኛ የማየት ዕድል ላናገኝ እንችላለን። እንግዲህ ከሣጥኑ ፊት ሳንለይ ያነሣነውን ፎቶግራፍ እናንብበው፤ አንድ ፊደል እንኳ ቢጎድል እንደገና እናንሣ።