ስውራን ፍጥረታት በሰው መካከል
ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



በቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ ለተሠማራ ባለሙያ በየጊዜው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ፥ አስማተኞችና ልዩ ልዩ ስውራን ፍጥረታት ከተራው ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው ሲኖሩ የሚያሳዩ ልብ ወለድ መጻሕፍት በልጆች እጅ መግባት ይገባቸዋልን? የሚለው ነው። ጥያቄውን የሚያነሡት ወላጆች ብቻ አይደሉም፤ መምህራንም የሃይማኖት አባቶችም ያነሡታል። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ባወጣው ዝርዝር መሠረት፥ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 በነበሩት ዐሥር ዓመታት ከመደርደሪያ ይነሡ ተብሎ አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት መካከል የመጀመሪያውን ሥፍራ የያዘው የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ የ«ሃሪ ፖተር» ተከታታይ ድርሰት ነበር። መጻሕፍቱ ልጆችን ወደ አስማት ይስባሉ የሚለው ክስ ከአቤቱታዎቹ ዋነኛው ነው።

ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን የቆመበት ሥፍራ የተሳሳተ ይመስላል። ልብ ወለድ አንብቦ አስማተኛ የሆነ ልጅ አይገኝም። ጎረቤቱን በክፉ ዓይን መጠርጠርን የተማረ ልጅ ግን በየአገሩ ሞልቷል፤ ይህንንም የተማረው ብዙውን ጊዜ ከተረት፥ ከወሬና ከአዋቂዎች ጭውውት ነው። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ሲመዘን ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፥ አንባቢውን ወዴት ያቆመዋል? ጣቱን ከሚቀስረው ከሳሽ ጎን ነው ወይስ ጣት ከተቀሰረበት ሰው ጎን? የሚለው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ጥያቄ በጥቂት የታወቁ ድርሰቶችና በኢትዮጵያ በቆየ አንድ እምነት ላይ አድርጎ መመርመር ነው።

የመሠወር ሕግ

የዚህ የልብ ወለድ ዘርፍ መለያው አስማቱ አይደለም፤ አስማትማ በጥንቱ ተረት ሁሉ አለ። በጥንቱ ተረት ግን ዘንዶውም ጭራቁም የሚኖሩት ከተራራው ማዶ ወይም «ከዕለታት አንድ ቀን» በሚባለው ዘመን ነው። በዚህኛው ዘርፍ ስውሩ ፍጥረት የሚኖረው በዛሬው ከተማ፥ በሚቀጥለው ቤት፥ በአንድ ባቡር ጣቢያ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ነው። በመሆኑም የድርሰቱ አንቀሳቃሽ ኃይል ምስጢሩ ነው፤ ማን ያውቃል? ማን አያውቅም? የታወቀ ዕለትስ ምን ይሆናል?

በ«ሃሪ ፖተር» ውስጥ ይህ ምስጢር በሕግ የተደነገገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሰባተኛው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ አስማተኞች ከተራው ሕዝብ ለዘለቄታው የተሠወሩት በ1689 በተፈረመ ዓለም አቀፍ የምስጢር ድንጋጌ ነው። ደራሲዋ ይህን ዘመን መምረጧ ያለ ምክንያት አይመስልም። በአውሮፓ ከ15ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዘመን በጥንቆላ ተከሰው በፍርድ የተገደሉት ሰዎች ብዛት ከ40,000 እስከ 60,000 እንደሚደርስ የታሪክ ምሁራን ይገምታሉ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። በሰሜን አሜሪካ ሴለም በተባለው ሥፍራ 19 ሰዎች በስቅላት፥ አንድ ሽማግሌም በድንጋይ ክምር ተጭነው የሞቱት ልብ ወለዱ ከሚጠቅሰው ዓመት ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ፥ በ1692 ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር መጤን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ መግቢያ ገደማ፥ ተማሪው ሃሪ ስለ ጠንቋዮች መቃጠል የቤት ሥራ ሲሠራ ይታያል። በሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ እውነተኞቹ አስማተኞች እሳቱን በድግምት እያበረዱ፥ የሚሠቃዩ መስለው ይጮሁ ነበር ይባላል። እንዲያውም አንዲት አስማተኛ መቃጠሉ ስለ ጣማት መልኳን እየለወጠች 47 ጊዜ ተይዛለች። ቀልዱ ልጆችን ያስቃል። ነገር ግን በታሪክ በእሳትና በገመድ ያለቁት አስማተኞች አልነበሩም፤ ተራ ሰዎች ነበሩ፤ እሳቱም አልበረደላቸውም። ድርሰቱ የተሠዋውን ሰው ከሥፍራው አንሥቶ በእርሱ ቦታ የማይጎዳ አስማተኛ ሲተካ፥ ሳያስበው ከሳሾቹ ያሉትን ይቀበላል፤ «ጠንቋዮችስ በእርግጥ ነበሩ» ይላልና። ይህን ለልጅ የሚያስረዳ አዋቂ በአጠገቡ ቢኖር መልካም ነው።

በኢትዮጵያ የቆየው ጥርጣሬ

በሰው መካከል ተሠውሮ ይኖራል የሚባል ፍጥረት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቡዳ የሚባለው ቀን ሰው ነው፤ ሌሊት ግን ጅብ ይሆናል ይባላል። ዓይኑ ይበላል፤ የተበላው ሰው ይታመማል፤ ጢስ ታጥኖ ሲለፈልፍ የበላውን ሰው ስም ያወጣል። በሰሜኑ ክፍል የተዘዋወሩ የ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ተጓዦች በጆሮው ጉትቻ ስለ ተገኘበት ጅብ የሰሙትን ወሬ በመጽሐፋቸው አስፍረዋል። እንደ ታሪክ ሲሰማ ይህ ሁሉ ለልብ ወለድ የተመቸ ነው፤ ምስጢር አለው፥ መልክ መለወጥ አለው፥ የሚጋለጥበት ምልክትም አለው።

ልዩነቱ ግን ስሙ የሚወጣበት ሰው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ይገለጣል። ቡዳ እየተባለ ሲታማ የኖረው ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቆዳ ፋቂው ነው። ማረሻውን የሚሠራው ሰው ከሌለ እርሻ የለም፤ እንስራና ምንቸት የምትሠራው ሴት ከሌለች ውኃ አይቀዳም፥ ወጥ አይሠራም። ኅብረተሰቡ የእጃቸውን ሥራ ከገበያ ገዝቶ ወደ ቤቱ ያስገባል፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ መሶብ መቅረብንና በጋብቻ መተሳሰርን ግን ይፈራል። በጎንደር አካባቢ የነበሩ ቤተ እስራኤልም ርስት አልባ ሆነው በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ በመተዳደራቸው ይኸው ስም ከሃይማኖታቸው ልዩነት ጋር ተደርቦ ሲወርድባቸው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 ከተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ጋር አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ ትተውት ከሄዱት ነገር አንዱ ይህ ስም ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኞችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክብደት ያመለክታል። ይሁንና አዋጅ አንደበትን ይከለክል እንደሆነ እንጂ የልብን ጥርጣሬ በአንድ ቀን አያስወግድም። ልጁ ያተኮሰችው እናት ምክንያት ትፈልጋለች፤ የወባ ትንኝን አታይም፥ የተበከለ ውኃ ሲያስገድል አታይም፤ በመንገድ ያለፈችውን ሸክላ ሠሪ ግን አይታለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተሠውሮ የኖረ ጅብ የለም። ተሠውሮ የኖረው የሕመሙ እውነተኛ ምክንያት ነው።

የሉፒን ነገር

አሁን ወደ ልብ ወለዱ ሲመለሱ፥ በዚያው በሦስተኛው የ«ሃሪ ፖተር» መጽሐፍ ሬመስ ሉፒን የሚባል መምህር አለ። ልብሱ የተጣፈ፥ ድኻ፥ ግን ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ አስተማሪ ነው። በልጅነቱ ስለ ተነከሰ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ወደ ተኩላነት ይለወጣል፤ ይህንንም ከተማሪዎቹ ይሠውራል። አንባቢው ምስጢሩን የሚያውቀው ሰውየውን ከወደደው በኋላ ነው። የደራሲዋ ብልኀት እዚህ ላይ ነው፤ ጥርጣሬ ከትውውቅ ቢቀድም ኖሮ ፍርዱ ሌላ በሆነ ነበር። ምስጢሩ በወጣ ዕለት ሉፒን የወላጆችን ደብዳቤ ሳይጠብቅ ሥራውን ይለቃል፤ እንዲህ ያለ ሰው ልጆቻቸውን እንዲያስተምር የሚፈቅዱ ወላጆች እንደማይኖሩ ያውቃልና። በ2003 በወጣው አምስተኛው መጽሐፍ ደግሞ እንደ እርሱ ያሉት ሥራ ማግኘት እጅግ የሚያዳግታቸው ሕግ እንደ ወጣ ይነገራል።

የሸክላ ሠሪን ልጅ ኑሮ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ባዕድ አገር እንዳለ አይሰማውም። የአባቱን ሙያ ሲጠየቅ የሚያቀረቅር ተማሪ፥ ጋብቻው በዘር ቆጠራ የፈረሰበት ወጣት፥ ሁሉም በሉፒን ውስጥ አሉ። የሰው ፊት እሳት ነው የሚባለው ምን ማለት እንደ ሆነ ድርሰቱ ከእሳቱ ወዲያ ማዶ ሆኖ ያሳያል።

ሆኖም ምሳሌው በሁሉ አይገጥምም። ሉፒን በእርግጥ ተኩላ ይሆናል፤ መድኃኒቱን በረሳበት ሌሊት ሰው ሊነክስ ይችላል። ያችው ደራሲ በ2005 በወጣው ስድስተኛ መጽሐፍ ልጆችን ሆን ብሎ የሚነክስ ሌላ የተኩላ ሰው ስታመጣ፥ የወላጆቹ ፍርሃት ይባስ ምክንያት ያገኛል። ሸክላ ሠሪዋ ግን በየትኛውም ሌሊት ጅብ ሆና አታውቅም። እንግዲህ የዚህ ዘርፍ ደራሲ ሁሉ አንድ አጣብቂኝ አለበት። የተናቀውን ሰው ሊያስከብር ስውር ኃይል ሲሰጠው፥ ንቀቱ የቆመበትን ሐሰት በከፊል እውነት ያደርገዋል። ጥሩ ደራሲ ይህን ዕዳ ያውቀዋል፤ ደካማው ሳያውቀው ያልፋል።

አስማት የሰው ሥራ መሸፈኛ ሲሆን

ከዚህ አጣብቂኝ በሌላ በር የወጣው ሩሲያዊው ሚኻይል ቡልጋኮቭ ነው። «ማስተርና ማርጋሪታ» የተባለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በ1940 እስከ ሞተ ድረስ ሲጽፈው ቆይቷል። መጽሐፉ ተቆራርጦ በሞስኮ መጽሔት የወጣው በ1966ና በ1967፥ ሙሉው በሶቪየት ኅብረት የታተመው ደግሞ በ1973 ነው። በዚህ ድርሰት ዲያብሎስ ራሱ የውጭ አገር ሊቅ መስሎ ወደ ሞስኮ ይገባል፤ ሠራዊቱንም በአንድ መኖሪያ ቤት ያሰፍራል።

ነገር ግን ያ ቤት ዲያብሎስ ሳይገባበትም ክፉ ስም ነበረው። ከሁለት ዓመት በፊት ተከራዮቹ አንድ በአንድ መጥፋት ጀምረው ነበር፤ አንዱን ተከራይ ፖሊስ ለጥቂት ደቂቃ ይፈለጋሉ ብሎ ወስዶት ሳይመለስ ቀርቷል። የቤቱ ሠራተኛ አሮጊት ይህ የጥንቆላ ሥራ ነው ትላለች፤ ማን እንደ ወሰዳቸው ደኅና አድርጋ ታውቃለች፥ ግን በሌሊት መናገር አትወድም። የዚያን ዘመን ሞስኮ የሚያውቅ አንባቢ ሰዎቹን የወሰዳቸው ማን እንደ ሆነ አይጠፋውም። «ጥንቆላ» የሚለው ቃል እዚህ ሰው የሠራውን ሥራ መሸፈኛ ሆኗል፤ ደራሲውም ሽፋኑን በቀልድ ይገልጠዋል። እናትየው ወባውን ትታ ሸክላ ሠሪዋን እንደምትከስስ ሁሉ፥ አሮጊቷም ፖሊሱን ትታ ጥንቆላን ትከስሳለች። ልዩነቱ፥ የመጀመሪያዋ እውነተኛውን ምክንያት ስለማታውቅ፥ ሁለተኛዋ ግን ስለምትፈራ መሆኑ ብቻ ነው።

ከሥነ ጽሑፍ ውጭ አንድ ፊልም መጨመር ይቻላል። ጃፓናዊው ኢሳኦ ታካሃታ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው «ፖም ፖኮ» በተሰኘ የሥዕል ፊልም፥ መልካቸውን መለወጥ የሚችሉ የዱር እንስሳት ከቶኪዮ አጠገብ ያለው ጫካቸው ለአዲስ ከተማ ሲመነጠር ይታገላሉ፤ በመጨረሻም ይሸነፋሉ። መለወጥ የቻሉት ሱፍ ለብሰው በባቡር እየተጋፉ ቢሮ ይገባሉ፤ ያልቻሉት ከቀረችው ጥቂት ዱር ይቀራሉ። መሠወር የሚችል ሰው ይተርፋል፤ ነገር ግን ሲተርፍ ራሱን ለዘወትር ከሰው ፊት እንደ ሸሸገ ነው።

ለባለሙያው የሚቀረው

ክቡራን አባላት፤ መጽሐፍን ከመደርደሪያ ማንሣት ቀላል ነው፤ የጥርጣሬን ወሬ ከሰፈር ማንሣት ግን ቀላል አይደለም። የተከለከለው መጽሐፍ ሲነሣ በሰፈር የሚወራው የቡዳ ወሬ በሥፍራው ይቆያል፤ ያንን ወሬ ደግሞ የሚከለክል የመጻሕፍት ዝርዝር የለም። እንግዲህ ለጠያቂው ወላጅ ሊሰጥ የሚገባው መልስ «መጽሐፉ ጉዳት የለውም» የሚል የችኮላ ቃል መሆን የለበትም፤ ወላጁ የጠየቀው ስለ ልጁ ነውና በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል።

መልሱም መጽሐፉን ከወላጁ ጋር ገልጦ ሦስት ነገሮችን ማየት ነው። የመጀመሪያው፥ ታሪኩ የሚነገረው ከማን ወገን ሆኖ ነው? ሁለተኛው፥ ስውሩ ሰው በተጋለጠ ጊዜ የሚደርስበት ነገር እንደ ድል ነው ወይስ እንደ ግፍ የሚታየው? ሦስተኛው፥ ክፉው ሥራ በመጨረሻ የማን ሆኖ ይገኛል? በዘር ለተለየ ፍጥረት የተሰጠ ነው ወይስ ማንም ሰው ሊሠራውና ሊተወው የሚችል ነው? በእነዚህ ሚዛን ከተመዘኑ፥ አስማት የሞላባቸው አንዳንድ መጻሕፍት ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ፤ አስማት የሚባል ነገር ያልተጻፈባቸው ሌሎች ደግሞ የከሳሽ መጻሕፍት ሆነው ይገኛሉ።

ለአማርኛ ደራስያንም የቀረ ሥራ አለ። ቡዳን የሚመለከቱ ተረቶች ሲነገሩ የኖሩት በአመዛኙ «ተበላሁ» ባዩ አንደበት ነው። ሌሊት ጅብ ሆና እንደምታድር የሚወራባት ሴት፥ ጠዋት ሸክላዋን አዝላ ወደ ገበያ ስትወርድ፥ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ የምታየውን የሚነግር ታሪክ ሰፊ ቦታ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ሲጻፍ በመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ፥ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው በሚደርሱበት ከፍታ ሊቀመጥ ይገባዋል።