የናይሮቢ ምድር ባቡር ቤተ መዘክርና የመምህሩ ድርሻ



አሮጌ ዕቃ በራሱ አያስተምርም። ጠያቂ ካላገኘ ሎኮሞቲቩ ዝገት የበላው ብረት፣ ፉርጎውም ባዶ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ጠያቂውን የሚያዘጋጀው ደግሞ መምህር ነው። የዚህን ነገር እውነተኛነት ለመረዳት በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በኃይለ ሥላሴ ስም ከተሰየመው ጎዳና አጠገብ የሚገኘውን የምድር ባቡር ቤተ መዘክር መመልከት ይበቃል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናይሮቢ የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት። በ1896 ከሞምባሳ ወደብ የተጀመረው ሐዲድ 327 ማይል ተጉዞ፣ በግንቦት 1899 ማሳዮች ስለ ውሃው ቅዝቃዜ ስም ካወጡለት ረግረጋማ ሜዳ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ደጋ የሚወጣና አቀበቱም የከበደ ስለሆነ፣ መሐንዲሶቹ ዕቃና ሠራተኛ የሚከማችበት ለጥ ያለ ሥፍራ አስፈለጋቸው። ስለዚህ የዕቃ ማከማቻ የነበረው ሰፈር የምድር ባቡሩ ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ፤ በ1905ም የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከሞምባሳ ወደዚያው ተዛወረ። ሐዲዱ ግን ጉዞውን ቀጥሎ በ1901 መጨረሻ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ደርሶ ነበር።

ቤተ መዘክሩ የተቋቋመው በ1971፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ አንድ የጋራ ምድር ባቡር በነበራቸው ዘመን ነው። ማኅበራቸው በ1977 ቢፈርስም ስብስቡ በሥፍራው ቀርቷል። በቅጥሩ ውስጥ ከቆሙት ሎኮሞቲቮች አንዱ በታንዛንያ ተራራ ስም «ማውንት ጌላይ» የተባለው ነው። በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተሠሩት 33 ወንድሞቹ ጋራ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ከሄዱት በእንፋሎት የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ሁሉ ብርቱ ነበር፤ ክብደቱም 252 ቶን ያህላል። ይህን የሚያህል ክብደት በጠባብ ሐዲድና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንዴት ሊሄድ ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ፣ ጭነቱ ለብዙ መንኰራኵሮች መከፋፈሉንና አካሉ በመጋጠሚያዎች መታጠፉን ሲያይ፣ ከመጽሐፍ ብዙ ገጽ የሚፈጀውን የፊዚክስ ትምህርት በዓይኑ ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ጐብኚ የሚሰበሰበው ከአንድ አሮጌ ፉርጎ ዘንድ ነው። በ1900 ራያል የተባለ የፖሊስ ሹም ሰው በላ አንበሳ ሊገድል ኪማ በተባለው ጣቢያ በዚህ ፉርጎ ውስጥ አድፍጦ ሲጠብቅ እንቅልፍ ጣለው፤ አንበሳውም ገብቶ ገደለውና በመስኮት ይዞት ወጣ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ልጅም ሰምቶ አይረሳውም። ነገር ግን ትምህርቱ እዚህ ላይ ካበቃ ከእውነቱ የሚበልጠው ክፍል ተሰውሮ ይቀራል። ሐዲዱን ለመሥራት ከሕንድ አገር 31,983 ሠራተኞች መጥተው ነበር። ከእነዚህም 2,493 ሞተዋል፤ ይኸውም ለአንድ ማይል ሐዲድ አራት ሰው ማለት ነው። አብዛኞቹን የገደለ በሽታና አደጋ እንጂ አንበሳ አይደለም። መንገዱ ያለ ፈቃዱ በምድሩ ያለፈበት የናንዲ ሕዝብም ለብዙ ዓመታት ተዋግቷል፤ መሪው ኮይታሌል አራፕ ሳሞይ በ1905 ለዕርቅ ንግግር በተገናኙበት ቦታ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ተገደለ። የአንዱ ሹም ሞት ፉርጎ ተጠብቆለታል፤ የብዙዎቹን ሞት ግን የሚያስታውስ መምህሩ ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ መምህር ሩቅ አይደለም። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው፣ እንደ ናይሮቢው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1902 ድሬዳዋን በቆላው ወለደ፤ በ1917ም አዲስ አበባ ገባ። ሁለቱም ከተሞች አቀበት ያቆማቸው የባቡር ልጆች ናቸው። በ2016 ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ፣ በ2017 ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ አዳዲስ ሐዲዶች ተከፍተዋል። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ብረት ይሸጣል፤ ብረቱን የሚያውቁት ሽማግሎችም አንድ በአንድ ያልፋሉ። ብረት ቢጠፋ ሥዕሉ ሊገኝ ይችላል፤ የእሳት አቀጣጣዩና የሐዲድ ጠጋኙ ቃል ግን ሳይጻፍ ከቀረ አይመለስም።

ስለዚህ ተማሪዎቹን ወደ ለገሃር ወይም ወደ ድሬዳዋ ጣቢያ የሚወስድ መምህር ሦስት ጥያቄ አስይዞ ይውሰዳቸው፤ ይህን ማን ሠራው? ማን ተጠቀመበት? ዋጋውንስ ማን ከፈለ? ለመልሱም በጡረታ ያሉትን የባቡር ሠራተኞች በአክብሮት ቀርበው ይጠይቁ፤ የሰሙትንም በደብተራቸው ጽፈው ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያስረክቡ። የትምህርት ሹማምንትም ለዚህ ሥራ ጊዜና መጓጓዣ ቢፈቅዱ፣ ሕንፃ ሳይሠራ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መዘክር ተጀመረ ማለት ነው።