እምቦጭና የእጥፍ ስሌት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ግድብ ሲሠራ የውኃውን ግፊትና የደለሉን መጠን አስልቶ ይነሣል። ይሁን እንጂ በተጠራቀመ ውኃ ላይ ሕይወት ይበቅላል፤ የሕይወትም ዕድገት እንደ ውኃ ግፊት ሁሉ የራሱ ሕግ አለው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ሕግ በእምቦጭ ምሳሌነት ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእምቦጭ ጥንተ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ስለ አበባው ውበት ሲል ሰው ራሱ ከአገር ወደ አገር አዛመተው። በኢትዮጵያ በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መገኘቱ ተመዘገበ፤ በጣና ላይ የታወቀው ደግሞ በ2011 ነው። ተክሉ በሁለት መንገድ ይራባል። ከጎኑ ሐረግ እየዘረጋ አዳዲስ ተክሎችን ያወጣል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ሙቀትና ምግብ በተሟላለት ስፍራ እምቦጭ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት 1 ሄክታር በ10 ሳምንት 32 ሄክታር፣ በ20 ሳምንት 1,024 ሄክታር ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 10 ሳምንታት ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም፤ በሚቀጥሉት 10 ሳምንታት ግን ከአቅም በላይ ሆኖ ይገኛል። የተለወጠው የሰው አመለካከት እንጂ የተክሉ ፍጥነት አይደለም።

በእርግጥ ማናቸውም ሕይወት ያለው ነገር እንዲህ እያደገ አይዘልቅም። ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ ቬርሁልስት በ1838 እንዳስረዳው፣ ብዛቱ ወደ ስፍራው የመሸከም አቅም በተጠጋ መጠን ዕድገቱ እየዘገየ ይሄዳል። ለእምቦጭ ይህን አቅም ከሚወስኑት ዋነኞቹ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ናቸው። ስለዚህ ከእርሻ ታጥቦ የሚወርድ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚለቀቅ ፍሳሽ የእምቦጩን ጣሪያ ከፍ ያደርጉታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሥራ እጅግ ይጠቅማል። 1,000 ሄክታር የሸፈነ እምቦጭ በዘመቻ 900 ሄክታሩ ተነቀለ እንበል። የቀረው 100 ሄክታር በስድስት ሳምንት 800 ይሆናል፤ በሰባተኛው ሳምንት የቀድሞውን ስፋት ይይዛል። «ከመቶ 90 ተወግዷል» የሚለው ሪፖርት እውነት ነው፤ ነገር ግን ዘመቻው እዚያ ላይ ካቆመ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ድካሙ ሁለት ወር ሳይሞላ ከንቱ ይቀራል።

የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1990ዎቹ ዓመታት እምቦጩ ወደ 20,000 ሄክታር ገደማ ሸፍኖ፣ ወደቦችን ዘግቶ፣ በጂንጃ ያለውን የኃይል ማመንጫ የውኃ መግቢያ አውኮ ነበር። ዩጋንዳ በ1995 ከተክሉ ጥንተ አገር የመጡ ሁለት ዓይነት ነቀዝ መሰል ጢንዚዛዎችን ለቀቀች። አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ብዙው እምቦጭ ጠፋ። ተመራማሪዎች በ1997 እና በ1998 የደረሰው የኤል ኒኞ ዝናብና ማዕበል ምን ያህል ድርሻ እንደ ነበረው ተከራክረዋል። የማያከራክረው ነገር፣ ማሽን የማይራባ ሲሆን ጢንዚዛው ግን ምግቡ ሲበዛ መብዛቱ፣ ሲያንስም ማነሱ ነው። ይሁን እንጂ ጢንዚዛው ሁልጊዜ ከተክሉ ኋላ ዘግይቶ ይከተላል። በኬንያ በኩል ባለው ባሕረ ሰላጤ ከ2006 ዝናብ በኋላ እምቦጩ እንደገና የተነሣ መሆኑም ድሉ ዘለቄታ የሚኖረው ጥበቃው ሲቀጥል ብቻ መሆኑን ያመለክታል።

እንግዲህ የሥራው መለኪያ የተነቀለው ሄክታር ሳይሆን፣ የመንቀሉ ፍጥነት ከመራባቱ ፍጥነት መብለጡ ይሁን። ሥራው እምቦጩ ጥቂት ሳለ ይጀመር፤ ጥቂት ሲቀርም አይቁም። ወደ ሐይቁ የሚገባው አፈርና ፍሳሽ በምንጩ ይገታ። ይህ የመጨረሻው ተግባር እርከንን፣ የፍሳሽ ማጣሪያንና የተፋሰስ ፕላንን የሚጠይቅ በመሆኑ ከሁሉ ይልቅ የመሐንዲሶች ኃላፊነት ነው።