ገበታውን አትለዩበት

የዛሬው የንባብ ቃላችን «ጉበት» ነው። ጉ-በ-ት። ፊደሉ ሦስት ነው፤ ያሳዘነው ቤት ግን ብዙ ነው።

ጉበት ለረጅም ጊዜ ሲታመም ሰውን ያደክማል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ሆድ ሊነፋ፣ ዓይንም ቢጫ ሊሆን ይችላል። በሽተኛውን ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። ጎረቤት «ሲጠጣ ከርሞ ነው» ይለዋል፤ ቤተሰብ ፈርቶ ሰሐኑንና ኩባያውን ይለይበታል። ጥግ ይዞ ብቻውን ሲበላ ምን እንደሚሰማው እስቲ አስቡት! ሰሐኑን የለየችው ሚስትም ተደብቃ ታለቅሳለች።

ልብ በሉ፤ መጠጥ ያልቀመሰም ሰው ጉበቱን ይታመማል። አንዱ ምክንያት «ሄፓታይተስ ቢ» የሚባለው ቫይረስ ነው። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። አብሮ በመብላትና በመጨባበጥ አይተላለፍም። ስለዚህ ገበታውን ሳይሆን ምላጩን፣ መርፌውንና የጥርስ ብሩሹን ለዩ። ቤተሰቡ ይመርመር፤ ያልተያዘው ይከተብ። በአገራችን ሕፃናት ይህን ክትባት ማግኘት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

በሽታው ሲጠና ጉበት ያላጣራው መርዝ አንጎልን ይነካል። ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፤ ይቆጣል፤ ይዘነጋል። «ጠባዩ ተበላሸ» ብላችሁ አትቀየሙት፤ በሽታው ነውና ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እናንተ አስታማሚዎችም ተራ ግቡ፤ ድካማችሁን በሆዳችሁ አትያዙት።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና ይህን ጻፉ፦ «ና፣ አብረን እንብላ።» ጽፋችሁ ስትጨርሱም ለሚገባው ሰው አንብቡለት። ደኅና ሁኑ።